ሰዓት የማያሳየው ሪሲቨር

«ሰዓት የሚያሳይ አልፈልግም» አለ አባቴ።

ጋሽ አብዱልሃኪም በእጃቸው የያዙትን ሪሲቨር ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው አባቴን ትክ ብለው አዩት። አዳማ ውስጥ ፍራንኮ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የእሳቸውን ያህል ዕቃ የታጨቀበት አልነበረም። ሪሞቶቹ ግድግዳው ላይ እንደ ቋንጣ ተሰቅለዋል። ከበሩ ውጭ የተደረደሩት የዲሽ ሳህኖች ነፋስ በመጣ ቁጥር እርስ በርስ ይንኳኳሉ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአባቴን ጣት ይዤ ቆሜ፣ ግንባሩ ላይ በሰማያዊ መብራት ሰዓት የሚቆጥር አንድ ሪሲቨር ላይ ዓይኔን ጥያለሁ። አባቴ አልፈልግም ያለው ያንኑ ነው።

«ደሊል፣ ሰው እኮ ሰዓቱን ወዶ ነው የሚገዛው» አሉ ጋሽ አብዱልሃኪም።

«ለእኔ ይቅርብኝ። ሪከርድ ያደርጋል ወይ?»

«እዚህ ያሉት ሁሉም ያደርጋሉ። ፍላሽ ትሰካበታለህ፣ ይቀዳልሃል። ይሄኛውማ ሰዓት ሞልተህለት ብትተኛ እንኳ ራሱ ተነስቶ ይቀዳል።»

«የተቀዳውን ስታየው የተቀዳ መሆኑ ያስታውቃል?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ጥግ ላይ ምልክት ያወጣል ወይ? ቀን፣ ጽሑፍ፣ እንዲህ ያለ ነገር።»

ጋሽ አብዱልሃኪም ሳቁ። «አንተ ሰውዬ፣ ሪሲቨር ልትገዛ ነው የመጣኸው ወይስ ሌባ ልትይዝ?»

አባቴ አልሳቀም። ይሄ ገረመኝ፤ ምክንያቱም አባቴ ለቀልድ የሚሞት ሰው ነበር። ከዓለም ጤና ሽንኩርት በአይሱዙ እየጫነ አዳማ የሚያራግፍ ሾፌር ነው፤ ኬላ ላይ ያሉት ፖሊሶች ሳይቀሩ ቀልዱን ለመስማት ያስቆሙታል ይባል ነበር። የዚያን ቀን ግን ጢሙን ከተላጨ ቀናት አልፈዋል፣ ዓይኑም ቀልቷል። በወንድሜ መወለድ ምክንያት እንቅልፍ ያጣ መስሎኝ ነበር።

«ከተቀዳው ውስጥ መሐሉን ቆርጬ መጣል እችላለሁ?» አለ።

«ይሄ ይቆርጣል።» ጋሽ አብዱልሃኪም ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ጥቁር ሪሲቨር አወጡ። ግንባሩ ባዶ ነው። ሰዓት የለው፣ ቁጥር የለው፣ አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ። እንደዚያ ያለ አስቀያሚ ዕቃ አይቼ አላውቅም። «የተቀዳውንም ሲያሳይ ምንም አያወጣም። ግን ምን ይሠራልሃል? አንተ እኮ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠህ አታውቅም።»

አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። «ሱሃይላ፣ ውጭ ያሉትን ዲሾች ቁጠሪልኝ እስቲ።»

ወጥቼ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ነበሩ። ቀና ስል በመስታወቱ በኩል አባቴ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ በጋሽ አብዱልሃኪም ጆሮ አንድ ነገር ሲናገር አየሁት። ጋሽ አብዱልሃኪም እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ከኋላቸው ያለው በርጩማ ላይ ዘፍ አሉ።

«አሥራ አንድ ናቸው!» ብዬ ገባሁ። የሰማኝ የለም። ጋሽ አብዱልሃኪም ከጠርሙሱ ውስጥ በእፍኛቸው ከረሜላ ዘግነው ሁለቱንም መዳፎቼን ሞሉልኝ። ቆጥረው አንድ እንጂ ሁለት ሰጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ከዚያ ጥቁሩን ሪሲቨር አንድ ሳይሆን ሁለት አወጡ።

«ሁለት ያስፈልግሃል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በአንዱ የተቀዳ በሌላ ዓይነት አይከፈትም። አንዱ እኔ ጋ ይቀመጥ። እኔ እቀዳለሁ፣ እኔ አያለሁ፣ እኔ እቆርጣለሁ። አንተ ፍላሹን እየመጣህ ትወስዳለህ።»

ከረሜላዬን እየቆረጠምኩ የገባኝን ያህል ገባኝ፤ አባቴ ገንዘብ እንዳጠረው ነግሯቸው፣ እሳቸውም አዝነውልን አንዱን በነፃ ሊሰጡን ነው። ሪሲቨሩ ደግሞ እናቴ ወንድ ልጅ በመውለዷ የተገዛ ስጦታ ነው። እንዲህ ብዬ አምኜ ከአባቴ ጋር ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፤ ካርቶኑን እቅፌ ላይ አድርጌ እየዘፈንኩ ቤት ደረስኩ።

አባቴ በጆሮ የተናገረው የአጎቴን የኑዕማንን ሞት ነበር።

ኑዕማን የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ዓለም ጤና ሽንኩርት ሲያለማ ቆይቶ፣ ለማንም ሳይናገር በጅቡቲ በኩል ወደ የመን ሊሻገር ተነሣ። ለእናቴ ብቻ ከመንገድ ደውሎ «ስትወልጂ እደውልልሻለሁ» ብሏት ነበር። ጀልባዋ ሰጠመች። ወሬው የመጣው እናቴ በወለደች በሁለተኛው ቀን ነው። ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ከሞት ተርፋ ነበር፤ ሐኪሙም አባቴን ለብቻው ጠርቶ ምንም ዓይነት ድንጋጤ እንዳይደርስባት ብሎ አስጠንቅቆታል። ባያስጠነቅቀውም እኛ ዘንድ ለአራስ መርዶ አይነገርም። አርባ ቀኗ እስኪያልፍ ይደበቃል፤ ከዚያ ሽማግሌዎች ማልደው መጥተው ይነግሯታል። ስለዚህ አባቴ ሽንኩርት ልጭን ብሎ ዓለም ጤና ሄደ፣ ለቅሶ ተቀምጦ ባዶ መኪና ይዞ ተመለሰ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወሬውን ያውቃል፣ በሙሉ ዝም ብሏል። ዛሬ ይህን ሳስብ ድንግጥ እላለሁ። በጠዋት እየመጡ እናቴን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚሏት ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን፣ ዱዓ የሚያደርጉላት ሙስሊሞቹ፣ ገንፎ ይዘው የሚገቡት ሴቶች ሁሉ ያውቁ ነበር። አንድም ሰው ቃል አላመለጠውም።

የፈሩት ሰው አልነበረም፤ ቴሌቪዥኑን ነው። አንድ ጣቢያ የጀልባዋን አደጋ ምስል አግኝቶ ስለ ስደት ማስጠንቀቂያ ሠርቶበት ነበር፤ በየፕሮግራሙ መሐል፣ መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ ያወጣዋል። የባሕር ዳርቻ አሸዋ ይታያል፣ የተበታተነ ጫማ፣ ልብስ፣ ከዚያ እንዲደርቁ የተሰጡ ወረቀቶች። ከወረቀቶቹ መሐል የኑዕማን የተማሪነት መታወቂያ አለ። ፎቶው ጥርት ብሎ ይታያል። ጣቢያው ደግሞ እናቴ ድራማና ዜና የምታይበት ነው።

መጀመሪያ አባቴ ጣራ ላይ ወጥቶ ዲሹን አዞረውና «ነፋስ ነው» አለ። ሁለት ቀን ቴሌቪዥን የለም። በሦስተኛው ቀን፣ ጠያቂዎች ቤቱን ሞልተው ሳለ፣ እናቴ ፍራሿ ላይ እንደተጋደመች «ማን ሞቶብን ነው ቴሌቪዥን የተዘጋው?» አለች። እኛ ሰፈር ቴሌቪዥን ጠፍቶ የሚከርመው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። አባቴ በማግስቱ ነው፣ የምናየው የተቀዳ መሆኑን ሰዓት የማያሳብቅበት ሪሲቨር ሊመርጥ እጄን ይዞ የወጣው።

ሪሲቨሩን ሊገጥሙ ጋሽ አብዱልሃኪም ራሳቸው መጡ። ከዲሹ የሚመጣውን ገመድ ነቅለው ጫፉን በፌስታል ጠቀለሉና በመስኮት አውጥተው ውጭ አንጠለጠሉት። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ እያንዳንዱን ነገር አያለሁ።

«ይሄን ገመድ እንዳትነኪ» አሉኝ። «መብረቅ ይስባል።»

«ያለ ገመድ ይሠራል እንዴ?»

«አዲስ ነዋ!»

አመንኳቸው። ሰው ያለ ገመድ የሚሠራ ሪሲቨር ያለው ቤት ውስጥ ሲኖር ምን ያህል እንደሚኮራ መገመት ቀላል ነው።

ከዚያ ወዲያ አባቴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ፍላሹን በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ይመጣል፣ ከኋላው ይሰካል፣ እኔ ሪሞቱን ይዤ እከፍታለሁ። ዜናው ይመጣል፣ ድራማው ይመጣል፣ የልጆች ፕሮግራምም ይመጣል፤ ማስታወቂያ ግን የለም። የሳሙና የለም፣ የዘይት የለም፣ የቢራ የለም። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። ጋሽ አብዱልሃኪም ሱቃቸው ውስጥ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተው፣ አንዱንም ሳይዘሉ አይተው እየቆረጡ እንደሚልኩልን በምን አውቄ!

እናቴን የምታርሰው አያቴ ቀመሪያ ነበረች፤ ለዚሁ ከዓለም ጤና መጥታ ነው። ገንፎዋን ታገነፋለች፣ አጥሚቱን ታፈላለች፣ ሕፃኑን ታጥባለች። ቴሌቪዥን ሲከፈት ግን ተነሥታ ትወጣለች። ጓሮ ሄዳ ሳፋ ፊት ትቀመጥና ጨርቅ ታጥባለች።

«እማማ፣ ድራማው እኮ ጀመረ» እላታለሁ።

«የጨርቁ ብዛት አይታይሽም? እዩ እናንተ።»

አንድ ቀን ተከትያት ሄድኩ። የታጠበውንና ገመድ ላይ የደረቀውን አውርዳ መልሳ ሳፋው ውስጥ ስትነክር አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ቴሌቪዥን ማየት ሐራም ነው ብላ የምትሸሽ መሰለኝና ለሃይማኖቷ ያላት ጥንካሬ አስገረመኝ። ኑዕማን የእሷም ልጅ መሆኑን፣ ሦስት ቀን አልቅሳ ፊቷን ታጥባ ልጇን ልታርስ መምጣቷን ያሰብኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ያሰብኩ ቀን ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ፤ ሸሚዝ እየሰፋሁ። እጄ መንቀሳቀስ አቃተው፣ ተቆጣጣሪዋ መጥታ «አሞሽ ነው?» እስክትለኝ ድረስ።

እናቴ ደግሞ አያቴ ገና ከመውጣቷ «ድምፁን ጨምሪልኝ» ትላለች። እጨምራለሁ። «አሁንም ጨምሪ።» ሕፃኑ እስኪባንን ድረስ እጨምራለሁ። ከወሊድ በኋላ ጆሮዋ የደከመ መስሎኝ ነበር።

አልፎ አልፎ ስለ ወንድሟ ትጠይቃለች።

«ኑዕማን አልደወለም?»

«ደህና ነው እሱ» ይላል አባቴ። «ኔትወርክ አስቸግሮ ነው።»

ከዚያ ጎማ ልይ ብሎ ይወጣል። በዚያ ወር የአይሱዙአችን ጎማ በየቀኑ የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት የማወራው ስለ ሪሲቨራችን ብቻ ነው። «የእኛ ቤት ቴሌቪዥን ማስታወቂያ የለውም» እላለሁ። የጎረቤታችን የአዴ ገላኔ ልጅ ሌንሳ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ናት፤ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፣ በምላስ ደግሞ በአምስት። ጋሽ አብዱልሃኪም ሥራ እየበዛባቸው ሄዶ የሚልኩልን ነገር መዘግየት መጀመሩን አላወቅኩም። አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ስለ ድራማው ሲያወሩ ጣልቃ ገባሁ።

«ሰውዬው ሚስቱን ሊከዳት ነው» አልኩ።

«ከድቷትማ ተይዞ እስር ቤት ገባ እኮ!» አለች ሌንሳ።

«ውሸት! ገና ነው። ትናንት አይቼዋለሁ።»

ሳቁብኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። «የእነ ሱሃይላ ቴሌቪዥን ያለፈውን ሳምንት ነው የሚያሳየው!» አለች ሌንሳ። «ማስታወቂያ የለውም ያለችው ለዚህ ነው፣ ያደረ ስለሆነ!» በዚያ ሳምንት «ያደረ» የሚል ስም ወጣልኝ። ቅስሜ ተሰበረ። የምኮራበት ነገር እንዲህ መሳቂያ ሆኖብኝ አያውቅም ነበር።

ነገሩን ሳሰላስል ጥፋተኛው ገመዱ መሆኑን ደረስኩበት። ገመድ ስለሌለው ነው የሚዘገየው። መብረቅ ደግሞ በክረምት እንጂ በበጋ የለም። ለአባቴ ብነግረው እንደማይሰማኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ራሴ ልሰካው ወሰንኩ። እናቴን ላስደስታት ነው፤ እስከ ዛሬም ድረስ በዚህ አልዋሽም። የቆየ ድራማ እያየች መታለሏ አንጀቴን በልቶት ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ወንድሜ በተወለደ በሠላሳ አራተኛው ቀን። አባቴ መቂ ሄዷል። አያቴና አዴ ገላኔ ጓሮ ናቸው፤ የውኃው ድምፅ ይሰማል። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ጠጭ ጠጭ ያደርገዋል። እናቴ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስተኝታ ግድግዳውን ተደግፋለች። በመስኮት እጄን ሰድጄ ገመዱን ጎትቼ አስገባሁት። ፌስታሉን ፈታሁ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለች።

«የዛሬውን ላሳይሽ ነው። አባዬ የሚያሳየን የቆየ ነው፤ ሌንሳ ነግራኛለች።»

እናቴ ገመዱን፣ ከዚያ የጓሮውን በር አየች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ትችይበታለሽ?» አለችኝ።

«ጋሽ አብዱልሃኪም ሲሠሩ አይቻለሁ።»

ሕፃኑን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈን አደረገችው። «እንግዲያው ሰኪው» አለች።

ፍላሹን ነቀልኩ፣ ገመዱን አጠበቅኩ። ዲሹን ጋሽ አብዱልሃኪም እናቴ ብታየው እንዳትጠረጥር ብለው አስተካክለውት ስለነበር ሥዕሉ ወዲያው መጣ። ድራማው እየተደገመ ነው! ያ ከሐዲ ሰውዬ እስር ቤት ቁጭ ብሏል፤ ሌንሳ እውነቷን ነው። በደስታ አጨበጨብኩ። ትንሽ ቆይቶ ድራማው ተቋረጠና ማስታወቂያ መጣ፤ ከወር በኋላ ያየሁት የመጀመሪያው ማስታወቂያ። የሳሙናውን ዘፈን ጠብቄ ነበር። የመጣው ግን ዋሽንት ነው። ከዚያ ባሕር፣ አሸዋ፣ አንድ የሕፃን ጫማ። ከዚያ ወረቀቶች።

ከወረቀቶቹ መሐል አጎቴ አየኝ።

የነጭ ሸሚዙን ኮሌታ አቁሞ፣ እንደ ልማዱ አንድ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ። ዘልዬ ተነሣሁ። በዚያ ዕድሜዬ ሰው ቴሌቪዥን ላይ የሚወጣው ትልቅ ሰው ሲሆን ብቻ ነው።

«እማዬ! ኑዕማን! ኑዕማን ቴሌቪዥን ላይ ወጣ! ኑዕማንን እዪው!» እያልኩ እየሳቅሁ ዘለልኩ። ጓሮ ድረስ እንዲሰማ ጮኽኩ። «እማማ ነይ፣ ኑዕማን መጣ!»

ጓሮ የነበረው የውኃ ድምፅ ቀጥ አለ። አዴ ገላኔ በባዶ እግራቸው ሮጠው ገቡ። ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ያ ረቢ! ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን አደረግሽ?» ብለው ሶኬቱን ከነገመዱ መነጨቁት። ቤቱ ፀጥ አለ። አያቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከእጇ ላይ የሳሙና ውኃ ይንጠባጠባል። እናቴን ነው የምታየው። አዴ ገላኔም እናቴን ያያሉ። እናቴ ትወድቃለች፣ ደሟ ይፈሳል፣ ትሞታለች ብለው እየጠበቁ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

እናቴ አልወደቀችም። ሕፃኑን ከደረቷ ላይ አንሥታ ለአዴ ገላኔ ሰጠች።

«ሱሃይላን እንዳይቆጣት ማንም» አለች። እንባ አልወጣትም። ግድግዳውን እንደተደገፈች እስኪመሽ ድረስ ያንን ጥቁር ስክሪን ስታይ ቆየች።

አባቴ ሲመጣ አዴ ገላኔ በር ላይ ጠብቀው ነገሩት። ይገርፈኛል ብዬ ከበሩ ኋላ ተሸጉጬ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አባቴን እንደዚያ ሆኖ ሳየው ክው አልኩ። ቢገርፈኝ በስንት ጣዕሙ።

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ጋሽ አብዱልሃኪምም ነበሩበት። ማወቋን ያውቃሉ፤ ግን መርዶ በቴሌቪዥን አይነገርም፣ ሰው በሰው ፊት ቆሞ ሊነግራት ይገባል። ተቀመጡና ስለ አላህ ውሳኔ፣ ስለ ሁሉም ሰው መንገድ እያሉ ቀስ ብለው ነገሯት። እናቴ ገና አሁን እንደሰማች ሆና እስኪጨርሱ አዳመጠች። ሲጨርሱ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእናቴ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። አያቴም ጮኸች፣ ተቃቀፉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ገባ።

በዚያው ሰሞን የእናቴ ወተት ደረቀ። ወንድሜ በቆርቆሮ ወተት አደገ። ሴቶቹ «ድንጋጤ ነው ያደረቀው» ሲሉ ሰማሁ፤ ድንጋጤውን ማን እንዳመጣው ደግሞ አውቃለሁ። ከዚህ የባሰም አምን ነበር። በፍላሹ ሳለን አጎቴ ደህና ነበር፣ ኔትወርክ ነው ያስቸገረው፤ ገመዱን ስሰካ ሞተ። ስለዚህ የገደልኩት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አሥራ ሦስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ከልቤ አምኜዋለሁ፤ ከዚያም በኋላ ውሸት መሆኑን ባውቅ እንኳ ከውስጤ አልወጣልኝም።

አምና በአንድ የዕረፍት ቀኔ እናቴን ሶደሬ ወሰድኳት። ጉልበቷን ያማታል፣ ፍል ውኃው ያሻላታል። ወንድሜ፣ አሁን ረጅም ጎረምሳ ሆኗል፣ ጓደኞች አግኝቶ ወደ ዋናው ሄደ። እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቀሚሷን ሰብስባ እግሮቿን ውኃው ውስጥ ከተተች። ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። ለዓመታት አፌ ላይ ሲመጣ የዋጥኩት ነገር በድንገት ወጣ።

«እማዬ፣ ያኔ ስላደረግኩት ይቅር በይኝ።»

«ምን አደረግሽ?»

«ገመዱን የሰካሁት እኔ ነኝ። ባልሰካው... ወተትሽም አይደርቅም ነበር።»

እናቴ እግሯን ከውኃው አወጣች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። «ሱሃይላ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄን ይዘሽ ነው የኖርሽው?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ አውቅ ነበር።»

የተናገረችውን ሰምቻለሁ፣ ግን አልገባኝም።

«ሪሲቨሩ ሳይመጣ ነው ያወቅኩት። ኑዕማን እኔ ወልጄ ሳይደውል ይቀራል? ስሙን እየጠራሁ ስጠይቅ አባትሽ እሱ ይለኛል። እናቴ እሱ ትለኛለች። ገላኔም እሱ። በስሙ የሚጠራው ሰው ጠፋ። ሲገባኝ ወተቴ ያኔውኑ ቀነሰ፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሻቸውም? ለምን አላለቀስሽም?»

«ማንን ልጠይቅ? አባትሽ መንገድ ላይ ነው። ከጎኔ ያለችው እናቴ ናት። አንድ ቀን ተሸንፌ ባለቅስ፣ ምንድን ነው ብዬ ብይዛት፣ የምትነግረኝ እሷ ናት። እናት የልጇን መርዶ በገዛ አፏ እንድትናገር ላድርጋት? ስለዚህ የሚያመጡልኝን ቴሌቪዥን አይ ነበር። እሷ ጓሮ ስትወጣ እንደ ልቧ እንድታለቅስ ድምፁን አስጨምርሽ ነበር።»

ያ ሪሞት ስንት ቀን በእጄ ነበር። ስንት ቀን ያን ቁልፍ ተጭኛለሁ።

«አርባው ቀን ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው አልቻልኩም» አለች እናቴ። «ልፈነዳ ደርሼ ነበር። አንቺ ገመዱን ይዘሽ ስትመጪ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። አንቺ ስላሳየሽኝ ሽማግሌ ተጠራ፣ እናቴም ከመናገር ተረፈች። አብረን አለቀስን።»

እዚያው ሰው መሐል ማልቀስ ጀመርኩ። አፍሬ ፊቴን ልሸፍን ስል እጄን ይዛ አወረደችው።

«ደግሞ ሌላም አለ» አለችኝ። «ሠላሳ አራት ቀን ሙሉ የወንድሜን ስም ከሰው አፍ አልሰማሁም ነበር። አንቺ እየዘለልሽ፣ እየሳቅሽ አራቴ ጠራሽልኝ።»